ከፕላኑ ላይ የሰረዝኳቸው ሁለት ምሰሶዎች

ስሜን ብጽፈው ባልጽፈው ለውጥ የለውም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በግንባታ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህን ሲያነብ ማን እንደሆንኩ ያውቃል። ለማያውቁኝ ግን በዚያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ያለዚያ የሆነው ነገር ሁሉ ከሰማይ የወረደ አደጋ ይመስላችኋል።

የሃያ ሰባት ዓመት አርክቴክት ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ደብረ ማርቆስ ነው። በጥሩ ውጤት ተመርቄ፣ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሠርቼ፣ እናቴ ስትታመም ወደ አገሬ ተመለስኩና አንድ አማካሪ ቢሮ ገባሁ። ኮምፒዩተር ላይ ከሁሉም ፈጣኗ እኔ ነበርኩ። አለቃዬ ደንበኛ በመጣ ቁጥር "እስቲ ያንን ሥራሽን አሳዪያቸው" ይለኛል፤ እኔም ሕንጻውን በስክሪኑ ላይ ወዲያና ወዲህ እያዞርኩ አሳያለሁ። ሰው ሲደነቅ ማየት እወድ ነበር። ሳይት መውጣት ግን አልወድም። ግንባታ ማለት ለእኔ እኔ አስቤ የምሰጠው፣ ሌላው ተቀብሎ የሚሠራው ነገር ነበር። ግንበኞችን አልሰድብም፤ ታላላቆቼን "እርስዎ" እያልኩ ነው የማናግራቸው። ግን የምላቸውን እንዲሰሙኝ እንጂ የሚሉኝን ለመስማት ቆሜ አላውቅም።

ሥራው ትምህርት ቤት ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የሚሠራ ባለ አንድ ፎቅ ሕንጻ ነው። ከታች የስብሰባ አዳራሽ፣ ከላይ አራት የመማሪያ ክፍሎች አሉት። የአካባቢው ገበሬዎች ለመሠረቱ የሚሆነውን ድንጋይ በአህያ አመላልሰዋል፤ አሸዋ አውጥተዋል። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው መሪጌታ ጥበቡ ዲማ ገዳም ተምረው የመጡ፣ አሁን በከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው።

በመጀመሪያው ፕላን አዳራሹ መሀል ላይ ሁለት ምሰሶዎች ነበሩ። ከላይ የሚያልፉትን ሁለት ረጃጅም የአርማታ አግዳሚዎች፣ ቢሞቹን፣ ከወገባቸው የሚደግፉ ናቸው። ፕላኑ ካለቀ፣ ቢሞቹ ውስጥ የሚገባው የፌሮ ብረትም ተሰልቶ ከተሣለ በኋላ፣ አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ ሳየው ምሰሶዎቹ አስጠሉኝ። አዳራሹን የቆረጡት መሰለኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ ሰረዝኳቸው። እውነትም አማረ።

ፌሮውን የሚያሰላው ባልደረባችን ሄኖክ የሚባል መሐንዲስ ነበር። አዲሱን ሥዕል በቴሌግራም ላክሁለት። "ይሄማ ሌላ ሥራ ነው፤ ቢሙ ወፍሮ፣ ፌሮውም ተጨምሮ እንደ አዲስ መሰላት አለበት። ሁለት ሳምንት ስጪኝ" አለኝ። እሺ አልኩት። ሥራ ተቋራጩ ግን ክረምት ሳይገባ እንጨርስ እያለ ይወተውት ስለነበር፣ የሄኖክ ስሌት ይከተላል ብዬ የእኔን አዲስ ወረቀት ወደ ሳይት ላክሁ። በዚያው ሰሞን ሄኖክ ሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ አግኝቶ ሄደ። ስሌቱን አልሠራውም። እኔም አልጠየቅሁም። ረሳሁት ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልረሳሁትም። አንድ ሰው ሠርቶት ይሆናል እያልኩ ነው የተውኩት።

የሳይቱ ፎርማን አቶ ይስማው ነበሩ። የመርጡለ ማርያም ሰው ናቸው፤ ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ሠራተኞቹ "አያ ይስማው" ይሏቸዋል። ሥራውን የጀመሩት ከድንጋይ ጠራቢነት ነው። አንድ ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ እያለሁ ደወሉልኝ።

"ኢንጂነር፣ ይስማው ነኝ።"

"ሠርግ ላይ ነኝ ጋሽ ይስማው፤ ቶሎ ይንገሩኝ።"

"አዳራሹን ነው። በፊተኛው ወረቀት መሀሉ ላይ ሁለት ምሰሶ አለ፣ በአዲሱ የለም። የፌሮው ወረቀት ደግሞ አሁንም ምሰሶ እንዳለ ሆኖ ነው የተሠራ። የትኛውን እንያዝ?"

"አዲሱን ያዙ። ምሰሶ የለም።"

"ፌሮውንስ?"

"ፌሮው በተሰጣችሁ ወረቀት ይሠራ።"

ከኋላዬ ሙዚቃው ይጮኻል።

"ኢንጂነር፣ የዚህ ቢም ፌሮ መሀሉ ላይ ከላይ ነው የበዛ፤ ከታች ቀጭን ነው። ከሥሩ ምሰሶ ካለ ልክ ነው። ምሰሶው ከሌለ ግን—"

"ጋሽ ይስማው፣ ተሰልቶ ነው የመጣው። እናንተ የተሰጣችሁን ሥሩ።"

"ይሁን" አሉ።

ስልኩን ዘጋሁት። እሑድና ሰኞ እንደገና ደወሉ። አላነሣሁም።

ቢሞቹና ሶሌታው፣ የላይኛው ፎቅ ወለል፣ ተሞሉ። አርማታው ከመፍሰሱ በፊት ከቢሯችን የሄደው ተቆጣጣሪ ፌሮውን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሮ ትክክል ነው ብሎ ፈረመ። ልክ ነበር፤ ከወረቀቱ ጋር አንድም ልዩነት አልነበረውም። የተሳሳተው ወረቀቱ ራሱ ነበር።

ከአንድ ወር በላይ ካለፈ በኋላ፣ በግንቦት መጨረሻ ገደማ፣ አዲሱ የሚባለው ሥራ ተቋራጭ ለአለቃዬ ደወለ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራው ነበር። ፎርማኑ አስቸግሮኛል፣ የድጋፍ እንጨት አላስነሣም ብሎ እምቢ አለኝ፣ ነገ የወላጆች ስብሰባ ስላለ አዳራሹን ባዶ አድርጌ ላሳያቸው እፈልጋለሁ አለ። አለቃዬም "ሂጂና ጨርሺው" አለኝ።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ሳይት ደረስኩ። ከላይ ሶሌታው ላይ ለክፍሎቹ ግድግዳ የሚሆን ብሎኬት በረድፍ ተከምሯል። ከታች አዳራሹ ውስጥ ዙሪያውን የነበረው እንጨት ሁሉ ተነሥቶ፣ በሁለቱ ቢሞች ወገብ ሥር ብቻ ወፋፍራም የባሕር ዛፍ ግንዶች ተደርድረው ቆመዋል። አቶ ይስማው ከግንዶቹ አጠገብ ቆመው ነበር።

"ስንት ቀን ሆነው ከተሞላ?" አልኩ።

"ሠላሳ አራት" አለ አዲሱ ፈጠን ብሎ። "ለአርማታ ሃያ ስምንት በቂ አይደለም እንዴ?"

"በቂ ነው።"

"ቀኑን አይደለም እኔ የምል" አሉ አቶ ይስማው። "ቀኑ ሞልቷል። አርማታውም ጥሩ ነው፣ እኔው ነኝ የሞላሁት። ግን እነዚህ ግንዶች ምሰሶ ሆነው ነው የቆሙ። ይነሡ ካላችሁ ያንን የፌሮ ጉዳይ አንድ ጊዜ ይዩልኝ ኢንጂነር።"

"በስልክ ተነጋግረናል እኮ።"

"በስልክ ተነጋግረናል" አሉ፣ የእኔኑ ቃል ዝቅ ባለ ድምፅ ደግመው።

አዲሱ ከጎኔ እጁን አጣምሮ ያየኛል። ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ያዩኛል። ያኔ "ቆይ፣ ወረቀቱን ልየው" ብል ኖሮ አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጅብኝ። ነገር ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ለፎርማን መሸነፍ መሰለኝ።

"ይነሣ" አልኩ።

አቶ ይስማው አልተከራከሩም። ከኪሳቸው ሲባጎ አውጥተው ከአንደኛው ቢም ሥር ጥቂት ዝቅ አድርገው ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥረው አሰሩ። መሀሉ ላይ፣ በሲባጎውና በቢሙ መካከል፣ የክብሪት ሳጥን በጠባቡ ጎኑ አቁመው አስገቡ። ልክ ገባ፤ መልሰው አወጡት። "እንግዲህ አንሡት" አሉ። ሁለት አናጢዎች ከግንዶቹ ሥር የተጠቀጠቀውን ሽብልቅ እየመቱ አወጡና ግንዶቹን አንድ በአንድ ወደ ግቢው አወጧቸው።

ምንም አልሆነም። አዲሱ ፈገግ አለ። "አላልኩም?"

አቶ ይስማው የክብሪት ሳጥኑን እንደገና አነሡ። አሁን በቁመቱ አልገባም፤ በጀርባው አጋድመው ሞከሩት፣ በግድ ገባ። ወደ እኔ ዘወር ብለው ሳጥኑን በመዳፋቸው ላይ አሳዩኝ።

"ትንሽ መጉበጥ ያለ ነው" አልኩ። ድምፄ ግን ለራሴም አልጣመኝ። "ሁለተኛውን ለጊዜው አትንኩት፤ ወረቀቱን ልየው።"

ቢሮ የሚሏት ከግቢው ጥግ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። እውነቱን ልናገርና፣ የገባሁት እሳቸው ትክክል እንደሆኑ ለማጣራት አልነበረም። ትክክል እንዳልሆኑ የማሳይበትን ነገር ልፈልግ ነበር። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። የእኔው ላይ አዳራሹ ንጹሕ ነው። የፌሮው ላይ ደግሞ ሁለቱ ምሰሶዎች በቦታቸው ቆመዋል። ከታች በስተቀኝ የሄኖክ የፊተኛው ፊርማ አለ። አዲስ ስሌት የለም። ኖሮም አያውቅም።

ቢሙ ምሰሶ እየጠበቀ ነው የተሠራው። ምሰሶ የለም። ድጋፉንም ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ከላዩ ደግሞ ብሎኬት ተከምሮበታል።

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በዚያች ቅጽበት ነው የቆርቆሮው ጣሪያ በድንገት መጮኽ የጀመረው። ጠጠር በአካፋ የሚወረወርበት ይመስላል። በመስኮቱ አየሁ፤ በረዶ ነበር፣ ባቄላ የሚያህል።

ወላጆቹ የሚሰበሰቡት ነገ እንደሆነ ነበር የማውቀው። ለካ አዲሱ ሳይሰማ ስብሰባው ለዚያው ቀን ተዛውሮ ኖሯል። ከግቢው አጠገብ ባለው ሜዳ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የነበሩ መቶ የሚሆኑ ሰዎች፣ ጋቢያቸውን በራሳቸው ላይ ጥለው፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አቅፈው፣ ጣሪያ ወዳለው ብቸኛ ሰፊ ቦታ እየሮጡ ነበር። ወደ አዳራሹ።

ወጥቼ ሮጥኩ። በረዶው ፊቴን ይመታኛል። ስገባ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰዎች ይስቃሉ፣ ጋቢያቸውን ያራግፋሉ፣ "ጥሩ ቤት ነው፣ ሰፊ ነው" ይባባላሉ። ብዙዎቹ የቆሙት ድጋፉ በተነሣበት ቢም ሥር ነው፤ እንጨት የሌለበት እዚያ ነዋ!

"ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!" ብዬ ጮኽኩ።

የሰማኝ አልነበረም። አጠገቤ ያሉት ብቻ ዘወር ብለው አዩኝ። አንዲት ሴትዮ "ወዴት እንውጣ ልጄ? አታዪም እንዴ ምን እንደሚወርድ?" አለችኝ።

እንደገና አፌን ልከፍት ስል እጅ ክንዴን ያዘኝ። አቶ ይስማው ናቸው።

"እንዳይጮኹ" አሉኝ በጆሮዬ። "በሩ አንድ ነው፤ ከደነገጡ ይረጋገጣሉ። ወረቀቱን አየሽው?"

"አየሁት።"

"እኮ ምን አለ?"

"እርስዎ እንዳሉት ነው።"

ፊታቸው ላይ የድል ምልክት አልነበረም። ዓይናቸው ቢሙ ላይ ነበር። ከሆዱ ሥር፣ መሀል ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሦስት ስንጥቆች ይታያሉ። ሰዎቹን ቀስ እያሉ እየገፉ ወደ መሪጌታ ጥበቡ ሄዱና በጆሮአቸው የሆነ ነገር ነገሯቸው። መሪጌታ አንድ ጊዜ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ከዚያ መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው በዚያ ማኅሌት በለመደ ድምፃቸው ተናገሩ።

"ወገኖቼ! የበቆሎው ቡቃያ እያለቀ ነው። እኛ ከጣሪያ ሥር ተጠልለን 'ጌታ ሆይ በረዶውን መልስልን' ብንለው፣ 'እናንተን መቼ ነካችሁ' አይለንም ወይ? ኑ፣ እደጁ ቆመን እግዚኦ እንበል። ሴቶች ከልጆቻቸው ጋር ይቅደሙ፤ ቀስ ብላችሁ፣ በሥርዓት።"

ጥቂት ሰዎች ተያዩ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን አስተካክለው "እውነታቸውን ነው" አሉ። ሰዉ ተንቀሳቀሰ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ቀደሙ፤ ወንዶቹ ተከተሉ። በረዶው እየወረደባቸው፣ በመቶ ሰው ድምፅ፣ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" እያሉ ወጡ። ማንም አልተገፋፋም። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ የምቆጥር ይመስል እያንዳንዱን ፊት አየሁ። ያን ያህል ረጅም ጊዜ በሕይወቴ አላውቅም።

የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ከላያችን "ቋ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰጠው ዓይነት ድምፅ ነው።

አዲሱ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱ ነጥቷል። "አያ ይስማው፣ ምን ይሻላል?"

"ግንዶቹን መልሳችሁ አምጡ። ከላይ ብሎኬቱ ላይ ማንም እንዳይወጣ። የሚፈራ አይግባ፤ አልፈርድበትም።"

ሁለቱ አናጢዎች ገቡ። አዲሱም ጃኬቱን አውልቆ ጥሎ ግንድ ተሸከመ፤ ይህን ስለ እሱ መናገር አለብኝ። እኔም ልይዝ ስል አቶ ይስማው ከለከሉኝ።

"እርስዎ ይውጡ።"

"አልወጣም።"

ለአፍታ አዩኝ። "እንግዲያው ያንን ሲባጎ ይዩልኝ። ዓይንዎን እንዳይነቅሉ። ቢሙ ሲባጎውን ከነካ ይጩኹ፤ ያኔ ሁላችንም እንወጣለን።"

ሲባጎው ላይ ዓይኔን ተከልኩ። በሲባጎውና በቢሙ መካከል ቀጭን የብርሃን መስመር አለ። የመጀመሪያው ግንድ ቆመ፤ ከሥሩ ሳንቃ፣ ከሳንቃው ላይ ሽብልቅ። የመዶሻው ድምፅ፣ ከውጭ "እግዚኦ"፣ ከላይ በረዶው። ሁለተኛው ቆመ። ሦስተኛው ቆመ። መስመሩ ቀጠነ። "እየቀጠነ ነው" አልኩ። "ነካ?" አሉ አቶ ይስማው። "አልነካም።" "እንግዲያው አንድ ቀርቶናል።"

የመጨረሻውን ግንድ አናጢዎቹ ሲያቆሙት አቶ ይስማው ተንበርክከው ሽብልቁን በግራ እጃቸው ይዘው በቀኛቸው መምታት ጀመሩ። አንድ። ሁለት። መስመሩ ጠፋ።

"ነካ!" ብዬ ጮኽኩ።

አናጢዎቹና አዲሱ ወደ በሩ ዘለሉ። አቶ ይስማው አልተነሡም። ሦስተኛውን መቱ። በዚያው ቅጽበት ቢሙ አጉረመረመና ሸክሙን በግንዶቹ ላይ ጣለ። የመጨረሻው ግንድ ከሥሩ ተንሸራተተ፣ ጥቂት ብቻ፣ ከዚያ ሽብልቁ ያዘውና ቆመ። ቢሙ አልወደቀም።

"ቆመ" አልኩ። "ጋሽ ይስማው፣ ቆመ!"

አሁንም አልተነሡም። ሄጄ ከአጠገባቸው ተንበረከክሁ። ግራ እጃቸው ከግንዱና ከሳንቃው መሀል ነበር።

አልጮኹም። "ግንዱን እንዳትነኩት" አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። "የሳንቃውን ዳር በመጋዝ ቁረጡት።" እኔ ጭንቅላታቸውን በጉልበቴ ላይ ደግፌ፣ አናጢዎቹ ሳንቃውን ቆርጠው እጃቸውን አወጡላቸው። በነጠላዬ ጠቀለልኩት። ነጠላው ወዲያው ቀላ።

በሥራ ተቋራጩ ፒክአፕ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወሰድናቸው። መንገዱ በበረዶው ነጭ ሆኗል፤ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ ማሳውን ያያል። ከኋላ ወንበር ጎናቸው ተቀምጬ "ይቅር ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ" እላለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው "ተይ አሁን" አሉኝ። ሐኪሙ ሦስት ጣቶቻቸውን ማትረፍ አልቻለም።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ለእኔ ጥሩ ነበር። ግን ከአደጋው ይልቅ የማፍርባቸው ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት ናቸው።

በማግስቱ አለቃዬ ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። "ሪፖርት ይፈለጋል" አለኝ። "አስቢው። በሳይቱ ያለው የፌሮ ወረቀት ምሰሶ ያሳያል፣ አይደል? ፎርማኑ ምሰሶውን ሳይሠራ ቀረ። በጽሑፍ ጠይቆሻል?"

"በስልክ ጠይቀውኛል።"

"ስልክ ወረቀት አይደለም። ቢሮው ይዘጋል፤ አሥራ አንድ ሰው ከነቤተሰቡ ይበተናል። ያንቺም ፈቃድ አብሮ ይሄዳል። ሰውየውን እናሳክማለን፣ እንረዳለን። ብቻ አንቺ በአግባቡ ጻፊው።"

ጻፍኩት። እውነቱን ለመናገር ነው ይህን የምጽፈውና ልደብቃችሁ አልችልም። "ፎርማኑ የተሰጡትን ሁለት ወረቀቶች ሳያጣጥም በራሱ ግምት" ብዬ ጀምሬ አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሮቹ እንዲያምሩ እንኳ አስተካክያቸዋለሁ። ሳልፈርምበት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና በነጋታው አቶ ይስማውን ልጠይቅ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ምናልባት ፊታቸውን አይቼ መፈረም እችል እንደሆነ ለማወቅ ይሆናል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሬ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጠዋል። አቶ ይስማው ሲያዩኝ ቀና ለማለት ሞከሩ።

"ኢንጂነር፣ እንኳን መጡ። ሁለተኛው ቢም ድጋፉ እንዳለ ነው?"

"እንዳለ ነው።"

"እንዳያነሡት ይንገሯቸው። አዲሱ ገና ልጅ ነው፤ ሲቸኩል ይረሳል። ብሎኬቱም ከላይ ይውረድ፤ ከዳር ጀምረው፣ በአንድ ወገን እንዳያራግፉት። መሀሉ ላይ እንዳይረግጡ።"

ስለ እጃቸው ምንም አላሉም። ስለዚያ ስልክም ምንም አላሉም። ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ሚስታቸው ፊት፣ ሌሎች በሽተኞች ፊት። እሳቸው ግን አሁንም ሥራ ላይ ነበሩ። እኔ የሣልኩት ቤት ሰው ላይ እንዳይወድቅ ያስባሉ። እኔ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ የእሳቸውን ስም ይዣለሁ።

"ጋሽ ይስማው" አልኩ። "በሪፖርቱ ላይ ጥፋቱን በእርስዎ ላይ ጽፌያለሁ። አልፈረምኩበትም።"

ወይዘሮ ደብሬ ቀና ብለው አዩኝ።

"አንቺ ልጅ" አሉ አቶ ይስማው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር "አንቺ" ብለው ያናገሩኝ፣ ያን ቀን በድንጋጤና በሕመም ካመለጣቸው በቀር። "እኔ የሪፖርት ወረቀት አላውቅም። ግን እኔም አጥፍቻለሁ። በስልክ 'ይሁን' ብዬሽ ነበር። ይሁን ማለት አልነበረብኝም። ልቤ እምቢ እያለ ሞላሁት። ግንዶቹን ያቆምኩ ለዚያ ነው። የእኔን ድርሻ ጻፊው፤ አልፈራም። ያንቺን ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ።"

ያን ዕለት ወደ ቢሮ ተመልሼ እንደ አዲስ ጻፍኩ። ምሰሶዎቹን ማን እንደሰረዘ፣ ስሌቱ እንዳልተሠራ፣ ፎርማኑ ሦስት ጊዜ እንደደወሉና ምን እንደመለስኩላቸው፣ ድጋፉን ማን እንዳስነሣ። ፈረምኩ። ለአለቃዬ ሳላሳይ ትምህርት ቤቱን ለሚያሠራው መሥሪያ ቤት ሰጠሁት።

ከሥራ ተሰናበትኩ፤ ፈቃዴም ለጊዜው ታገደ። ቢሮው አልተዘጋም፤ የድሮ ባልደረቦቼ ግን ሲያዩኝ መንገድ ይሻገራሉ። ብሎኬቱ ወርዶ፣ የተሰነጠቀው ቢም ፈርሶ እንደገና ተሠራ፤ ሁለቱ ምሰሶዎችም አዳራሹ መሀል ቆሙ። ሕንጻው አልቆ ሲመረቅ ሄጄ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አንድ ሰውዬ ጎረቤቱን "ይሄን ምሰሶ ምን አመጣው? ሰው ይጋርዳል" ሲለው ሰማሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት አናጢ ናችሁ፤ ምናልባት መሐንዲስ፤ ምናልባት ቤት ልታሠሩ ያሰባችሁ። ምክር ለመስጠት መብት ያለኝ አይመስለኝም፤ የምሠራውን ብቻ ልንገራችሁ። ፈቃዴ ከተመለሰ በኋላ ከአንድ አነስተኛ ቢሮ ጋር መሥራት ጀምሬያለሁ። ፕላን ሳይጠናቀቅ፣ ገና በእርሳስ እያለ፣ ይዤው ሳይት እወጣለሁ። ከግንበኛው፣ ከአናጢው፣ ፌሮ ከሚያስረው ሰው ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን "ይሄ ሲሠራ የት ላይ ያስቸግራችኋል?" እላለሁ። መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ፈተና እየሰጠኋቸው ይመስላቸዋል። ቆይተው ግን አንዱ ጣቱን ወረቀቱ ላይ ያደርጋል። ያቺን ጣት እጠብቃለሁ። አንዳንዴ የሚሉት ስህተት ነው፣ እንከራከራለን፤ አንዳንዴ እኔ እሸነፋለሁ። ሥዕሎቼ እንደ ድሮው አያምሩም። አለቆቼ ይህንን ይነግሩኛል።

ደፋር ሆኜ እውነቱን ተናገርኩ ብላችሁ እንዳታስቡልኝም እለምናችኋለሁ። አቶ ይስማው በዚያ አልጋ ላይ ሆነው ቢሰድቡኝ ኖሮ፣ የመጀመሪያውን ሪፖርት እፈርመው ነበር ብዬ እፈራለሁ። ይህ ፍርሃት እስካሁን አልለቀቀኝም። ሰው ራሱን እንዲህ አድርጎ ካየ በኋላ እንደ በፊቱ መሆን አይችልም።

በየሁለት ወሩ መርጡለ ማርያም እሄዳለሁ። አቶ ይስማው አሁን ድንጋይ አይጠርቡም፣ መጨበጥ አይችሉም፤ የሰው ሥራ እየዞሩ ያያሉ፣ ያርማሉ። ስንገናኝ ስለ ሥራ እናወራለን፤ አንዳንዴም እንስቃለን። ይቅር እንዳሉኝ ነግረውኛል፣ አምናቸዋለሁም። ወይዘሮ ደብሬ ግን በመጣሁ ቁጥር በርጩማ አውጥተው፣ አቧራውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ ከባላቸው አጠገብ ያስቀምጡልኛል። ከዚያ አንድም ቃል ሳይናገሩኝ ወደ ቤት ይገባሉ። እስክሄድ ድረስ አይወጡም።

አልቀየምባቸውም። ልክ ናቸው።